ፉል ወይስ ኢንክሪመንታል? ዲዱፕ ባለው ማከማቻ ላይ የባክአፕ አሠራር

የቢሮ ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው ስለ ባክአፕ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠይቀው ይታወቃል። «ፉል (ሁሉንም ዳታ የሚወስደው) በስንት ቀን ይሁን? ኢንክሪመንታልስ (የተለወጠውን ብቻ የሚወስደው)?» ፋይሉን እንዳለ ለሚገለብጥ ባክአፕ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ዲዱፕሊኬሽን (ባጭሩ ዲዱፕ፤ ተመሳሳይ የሆነ ዳታን አንዴ ብቻ የማስቀመጥ ዘዴ) ባለው ማከማቻ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። እዚያ እያንዳንዱ ባክአፕ ሲጻፍ ኢንክሪመንታል፣ ሲነበብ ፉል ነው። ይህን በደንብ ያልያዘ ሰው ቦታ ያባክናል፤ ዲስኩ ሲሞላ የማይሆን ነገር ይሰርዛል፤ አለዚያም ሃያ ባክአፕ አለኝ ብሎ ሲተማመን በእጁ ያለው የአንድ ኮፒ ያህል ብቻ ሆኖ ያገኘዋል።

ከዚህ በታች ያለው ከዜሮ ተነስታችሁ የምትሠሩበት አካሄድ ነው። የምጠቀመው መሣሪያ ሬስቲክ ነው። ነፃ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ ዊንዶውስም ሊኑክስም ማክም ላይ ይሠራል። ቦርግ ወይም ኮፒያ የምትጠቀሙ ከሆነ የትዕዛዞቹ ስም ይለያል እንጂ አስተሳሰቡ ያው ነው። ለምሳሌ የያዝኩት አንድ የሂሳብ ሥራ ቢሮ ነው። 400 ጊጋባይት ዳታ አለው፤ በቀን 4 ጊጋባይት ያህል ይለወጣል። ውስጡ ፒችትሪ (የሂሳብ ፕሮግራም)፣ ኤክሴል፣ ስካን የተደረጉ ደረሰኞች እና አንድ የማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ አለ።

መጀመሪያ ልዩነቱ ይግባችሁ

በተለመደው አሠራር እሑድ ፉል ትወስዳላችሁ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ኢንክሪመንታል ይከተላል፤ እያንዳንዱ ከፊተኛው ወዲህ የተለወጠውን ብቻ ይይዛል። ሐሙስ ማታ የነበረውን ለመመለስ የእሑዱ፣ የሰኞው፣ የማክሰኞው፣ የረቡዑና የሐሙሱ ሁሉም በደህና መገኘት አለባቸው። የማክሰኞው ከተበላሸ ከእሱ በኋላ ያሉት ጎዶሎ ይሆናሉ። ሰው በየሳምንቱ እንደገና ፉል የሚወስደው ይህን ሰንሰለት ለማሳጠር ነው። የሚከፍለው ደግሞ በቦታና በጊዜ ነው።

ሌላም ችግር አለ። በፋይል ደረጃ የሚሠራ ኢንክሪመንታል የፋይሉን ውስጥ አያይም። 2 ጊጋባይት የሆነ የአውትሉክ ፋይል ውስጥ አንዲት ኢሜይል ብትገባ ፋይሉ «ተለውጧል» ይባልና 2ቱም ጊጋባይት ይገለበጣል።

ዲዱፕ የሚሠራ ባክአፕ ፋይሉን ይቆራርጠዋል። ሬስቲክ ላይ አንድ ቁራጭ ከ512 ኪሎባይት እስከ 8 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል፤ አማካዩ ወደ 1 ሜጋባይት ይጠጋል። ከ512 ኪሎባይት ያነሰ ፋይል አይቆረጥም፣ ራሱ አንድ ቁራጭ ሆኖ ይያዛል። ለእያንዳንዱ ቁራጭ በሻ-256 ስሌት ሃሽ ይወጣለታል። ሃሹ 64 ፊደልና ቁጥር ያለው የቁራጩ መታወቂያ ነው። መታወቂያው ማከማቻው ውስጥ ካለ ቁራጩ ድጋሚ አይጻፍም። ከሌለ ተጨምቆና ተመስጥሮ ይጻፋል። ስናፕሾት የሚባለው እንግዲህ ዝርዝር ነው፤ የትኛው ፎልደር ውስጥ የትኛው ፋይል እንደነበረ፣ ፋይሉም ከየትኞቹ ቁራጮች እንደሚገጣጠም ይናገራል።

ስለዚህ የሐሙሱን ስናፕሾት ለመመለስ የረቡዑ አያስፈልግም። የሐሙሱ ዝርዝር ሙሉ ነው። የረቡዑን ብትሰርዙት ሐሙስ አይጎዳም። የመጀመሪያውን፣ ያንን 400 ጊጋባይት የጫነውን ብትሰርዙት እንኳ ሐሙስ አይጎዳም።

አቆራረጡን ትንሽ ጠጋ ብለን እንየው፤ የዲዱፕ ጥቅም ያለው እዚያ ውስጥ ነው። 100 ሜጋባይት የሆነ የዳታቤዝ ዳምፕ (የዳታቤዙ ይዘት ወደ አንድ ፋይል ሲወጣ) አለ እንበል። ፋይሉን በየ1 ሜጋባይቱ እኩል ብንቆርጠው 100 ቁራጭ ይወጣል። ነገ መጀመሪያው ላይ አንድ መስመር ቢጨመር ሁሉም ነገር ወደፊት ይገፋል። የድሮው 1ኛ ቁራጭ ጭራ አሁን 2ኛው ውስጥ ይገባል፣ የ2ኛው ጭራ 3ኛው ውስጥ፣ እያለ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። አንድም ሃሽ አይገጥምም። 100ውም ቁራጭ እንደ አዲስ ይጻፋል።

ሬስቲክ የሚቆርጠው በርቀት ሳይሆን በይዘት ነው። 64 ባይት የምታህል መስኮት ፋይሉ ላይ ባይት በባይት እየተንሸራተተች ስሌት ትሠራለች። የስሌቱ ውጤት የተወሰነ ቅርጽ ሲይዝ «እዚህ ይቆረጥ» ይባላል። መጀመሪያው ላይ መስመር ሲጨመር የመጀመሪያው ቁራጭ ይለወጣል። መስኮቷ ወደ ድሮው ይዘት ስትደርስ ግን ያንኑ ባይት ስለምታይ ትናንት የቆረጠችበት ቦታ ላይ ትቆርጣለች። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ቁራጭ አዲስ ሆኖ ይጻፋል፤ ቀሪው ማከማቻው ውስጥ ያለ ነው።

ሂሳቡን በወረቀት አስቀምጡት

ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሥሩ። የምሳሌያችንን ቢሮ ለ4 ሳምንት እንያዝለት፤ መጭመቅን ለጊዜው እንተወው።

በተለመደው መንገድ 4 ፉል፣ እያንዳንዱ 400 ጊጋባይት፣ 1,600 ይሆናል። 24 ኢንክሪመንታል በ4 ጊጋባይት 96 ነው። ድምሩ 1,696 ጊጋባይት። በዲዱፕ የመጀመሪያው ቀን 400፣ ከዚያ 27 ቀን በ4 ጊጋባይት 108፤ ድምሩ 508 ጊጋባይት። ለዚያውም 28ቱም ቀን እንደ ፉል የሚነበብ ነው።

የዲዱፕ ዕቃ ሻጮች የሚነግሯችሁን «20 ለ 1» የሚል የቦታ ቁጠባ ቁጥር የምታዩት ከዚህ ሂሳብ ጋር አያይዛችሁ ነው። ያው 508 ጊጋባይት በየቀኑ ፉል ይወሰድ ነበር ብለን ካሰብን ከ11,200 ጊጋባይት ጋር ይወዳደራል። 22 ለ 1 ወጣ ማለት ነው። በትክክል ትሠሩበት ከነበረው የሳምንት ፉልና የየቀን ኢንክሪመንታል ጋር ካወዳደራችሁት ግን 3.3 ለ 1 ነው። ዳታው አንድ፣ ዲስኩ አንድ፤ የተለያየው ማወዳደሪያው ነው። ስለዚህ ጥምርታውን ተዉትና ሁለት ነገር ብቻ እወቁ፦ ጠቅላላ መጠናችሁን እና በቀን የሚለወጠውን። የዲስኩን መጠን የሚወስኑት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

በቀን ምን ያህል እንደሚለወጥ ካላወቃችሁ አትገምቱ። ባክአፑን አንድ ሳምንት አሂዱና ራሱ ይነግራችኋል።

ዳታውን ለዲዱፕ አዘጋጁት

ብዙ ሰው የሚያልፈው ደረጃ ይሄ ነው፤ ትልቁ ብክነት ያለውም እዚህ ነው። ሕጉ አጭር ነው። ባክአፑ ከመድረሱ በፊት ምንም ነገር አትጭመቁ፣ ምንም ነገር አትመስጥሩ። ሁለቱንም ሬስቲክ ራሱ ይሠራዋል፤ ግን ቁራጮቹን ከለየ በኋላ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የተጨመቀ ፋይል መሃል አንድ ፊደል ብትቀይሩ ከዚያ በኋላ ያለው ባይት በአብዛኛው ይለወጣል። የተመሰጠረ ፋይል ደግሞ ይባስ፤ በየዕለቱ ከላይ እስከ ታች አዲስ ሊሆን ይችላል። አቆራረጡ የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን የሚያገኘው ተመሳሳይ ነገር የለም።

ከማይኤስኪውኤል ዳምፕ ስታወጡ በጂዚፕ መጭመቂያ አታሳልፉት። ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይውጣ። ለዲስኩ አትስጉ፤ ከ0.14 ስሪት ወዲህ ሬስቲክ በዚስታንዳርድ ይጨምቀዋል። የዳምፑን ስም በየቀኑ በቀን ብትለውጡትም ለቦታ ችግር የለውም፣ ቁራጩ የሚለየው በይዘቱ እንጂ በስሙ አይደለም። ያው ስም ሆኖ ቢቀጥል ግን የስናፕሾቶችን ልዩነት ለማየት ይቀላችኋል።

ፒችትሪ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከፕሮግራሙ ውስጥ «ባክአፕ» ብላችሁ የምታወጡት ፋይል የተጨመቀ ጥቅል ነው። በየቀኑ አዲስ ጥቅል ብታወጡ ከትናንቱ ጋር የሚጋራው ቁራጭ ጥቂት ይሆናል። የተሻለው ሁሉም ሰው ፕሮግራሙን ዘግቶ ከወጣ በኋላ የካምፓኒውን ፎልደር ራሱን ባክአፕ ማድረግ ነው። ጥቅሉን በሳምንት አንዴ ማውጣት ግን አታቋርጡ፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቶሎ ለመክፈት ያመቻል። ፕሮግራሙ ክፍት እያለ ፎልደሩን መገልበጥ አደጋ አለው፤ ግማሹ ፋይል ከመመዝገቡ በፊት፣ ግማሹ ከተመዘገበ በኋላ ሊወሰድ ይችላል። ዊንዶውስ ላይ ሬስቲክን በአድሚን መብት ከፍታችሁ «ዩዝ-ኤፍኤስ-ስናፕሾት» የሚለውን አማራጭ ብትጨምሩ ክፍት ፋይሎችን በአንድ ቅጽበት ይይዛል፣ ይረዳል። ቢሆንም የሂሳብ ፕሮግራም ቢዘጋ ይመረጣል።

ኤክሴልና ወርድ በተፈጥሯቸው የተጨመቁ ናቸው። አንድ ሴል ብትነኩ ፋይሉ በአብዛኛው ይለወጣል። ትንንሽ ስለሆኑ ግን አትጨነቁ። ስካን የተደረጉ ደረሰኞችና ፎቶዎች እርስ በርሳቸው የሚጋሩት ነገር የለም። እነሱ ላይ ዲዱፕ የሚጠቅመው በሌላ በኩል ነው፤ አንዴ ከገቡ በኋላ ስለማይለወጡ በየቀኑ ዜሮ ይጨምራሉ።

ማከማቻውን ክፈቱ

ለመጀመሪያው ማከማቻ በዩኤስቢ የሚሰካ ውጫዊ ዲስክ ይበቃል። «ኢኒት» የሚለውን ትዕዛዝ ስትሰጡ ሬስቲክ ፓስወርድ ይጠይቃችኋል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ማከማቻው ሁልጊዜ የተመሰጠረ ነው። ፓስወርዱ ከጠፋ ዳታው ጠፋ፤ የሚከፍትላችሁ ማንም የለም። ወረቀት ላይ ጻፉት፤ አንዱ ቢሮው ካዝና ውስጥ፣ ሌላው ከቢሮው ውጭ ይቀመጥ። ሰርቨሩ ላይ ብቻ ያለ ፓስወርድ ሰርቨሩ የተቃጠለ ቀን አብሮ ይቃጠላል። ሬስቲክ ለአንድ ማከማቻ ከአንድ በላይ ፓስወርድ ስለሚቀበል ለሥራ አስኪያጁ የራሱን ብትሰጡት ጥሩ ነው።

ሁለተኛ ማከማቻ፣ ለምሳሌ ኢንተርኔት ላይ ወይም ሌላ ቅርንጫፍ የሚቀመጥ ከፈለጋችሁ አሁኑኑ አስቡበት። እያንዳንዱ የሬስቲክ ማከማቻ የራሱ የአቆራረጥ ቁጥር አለው፤ ሲከፈት በዘፈቀደ የሚመረጥ ነው። ስለዚህ ያው ፋይል በሁለት ማከማቻ ላይ በተለያየ ቦታ ይቆረጣል። ሁለተኛውን ስትከፍቱ «ኮፒ-ቸንከር-ፓራምስ» የሚለውን አማራጭ ጨምራችሁ የመጀመሪያውን ቁጥር አውርሱት። ይህን ሳታደርጉ ሁለተኛውን ማከማቻ ከመጀመሪያው በኮፒ እየሞላችሁ ሰርቨሩንም በቀጥታ ወደ እሱ ባክአፕ ብታደርጉ፣ ከ512 ኪሎባይት በላይ የሆነው ፋይል ሁሉ ሁለት ጊዜ ይቀመጣል። ከተከፈተ በኋላ ማስተካከል አይቻልም፣ እንደገና መጀመር ነው።

የመጀመሪያው ባክአፕ

ይሄኛው በሁሉም ትርጉም ፉል ነው። ሁሉም ይነበባል፣ ሁሉም ይጻፋል። በቅድሚያ «ድራይ-ረን» በሚለው አማራጭ አሂዱት፤ ምንም ሳይጽፍ ምን ያህል እንደሚጨምር ያሳያችኋል። የማያስፈልጉ ፎልደሮች፣ የብራውዘር ካሽ፣ የወረዱ ፊልሞች፣ ጊዜያዊ ፋይሎች እዚህ ላይ ይታያሉ። በ«ኤክስክሉድ» አስወጧቸው።

የሩቁን ማከማቻ በኢንተርኔት ለመሙላት አትሞክሩ። አፕሎዳችሁ 10 ሜጋቢት በሰከንድ ነው እንበል። 400 ጊጋባይት ያለ ማቋረጥ 320,000 ሰከንድ ይወስዳል፤ 3 ቀን ከ17 ሰዓት ገደማ ነው። የየቀኑ 4 ጊጋባይት ግን 53 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ማከማቻውን ቢሮ ውስጥ ዲስክ ላይ ሙሉና ዲስኩን ተሸክማችሁ ቦታው አድርሱት። ከዚያ በኋላ ያለውን መስመሩ ይችለዋል። የሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ቢሮ ደግሞ ይሄ የገንዘብ ጉዳይም ነው።

መብራት ቢጠፋስ? የተጀመረው ስናፕሾት አይመዘገብም፤ ማከማቻው ውስጥ የገቡት ቁራጮች ግን ኢንዴክስ ከተደረጉ (ማከማቻው ማውጫ ላይ ከተመዘገቡ) ቀርተዋል። መብራት ሲመጣ ያንኑ ትዕዛዝ ድገሙት። ከዜሮ አይጀምርም፤ ፋይሎቹን ቢያነብም ያሉትን ቁራጮች እየዘለለ ይሄዳል። «ተቆልፏል» የሚል መልእክት ካያችሁ ሌላ ባክአፕ እየሄደ አለመሆኑን አረጋግጡና «አንሎክ» በሉት።

ሁለተኛው ቀንና ከዚያ ወዲህ

ያንኑ ትዕዛዝ ድገሙት። «አሁን ኢንክሪመንታል ነው» ብላችሁ የምትቀይሩት ነገር የለም። ሬስቲክ የዚያኑ ኮምፒውተርና የዚያኑ ፎልደር የመጨረሻ ስናፕሾት ይፈልጋል። የእያንዳንዱን ፋይል መጠንና የተለወጠበትን ሰዓት ከእሱ ጋር ያስተያያል። ካልተለወጠ አይከፍተውም፤ የትናንቱን የቁራጭ ዝርዝር ይወስዳል። ከተለወጠ ፋይሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነባል፣ ይቆርጣል፣ አዲስ የሆነውን ብቻ ይጽፋል።

ሲጨርስ የሚያሳያችሁን አንብቡ። ስንት ፋይል አዲስ፣ ስንት የተለወጠ፣ ስንት ያልተነካ እንደሆነ ይናገራል። ቀጥሎ ወደ ማከማቻው የተጨመረው መጠን ይመጣል፤ ከጎኑ ተጨምቆ በትክክል የተጻፈው አለ። መጨረሻ ላይ በጠቅላላ የታየው ፋይልና መጠን አለ። በእኛ ቢሮ የታየው 400 ጊጋባይት፣ የተጨመረው 4 ገደማ፣ የተጻፈው ከዚያም ያነሰ ይሆናል። እነዚህ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ፉልና ኢንክሪመንታል በአንድ ሪፖርት ላይ ናቸው።

የተጨመረውን ቁጥር በየቀኑ መዝግቡት። በጣም የሚጠቅም ምልክት ነው። ሁልጊዜ 4 ጊጋባይት የነበረው አንድ ቀን 300 ቢሆን ሁለት ነገር ጠርጥሩ፦ ወይ አንድ ሰው ትልቅ ፎልደር ጨምሯል፣ ወይ ፋይሎቹን ራንሰምዌር (ፋይል መስጥሮ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) መስጥሯቸዋል። የተመሰጠረ ፋይል ከትናንቱ ጋር የሚጋራው ቁራጭ የለውም፤ ስለዚህ ሁሉም እንደ አዲስ ይገባል። ቁጥሩ ዜሮ ከሆነም አትደሰቱ፤ ባክአፑ ባዶ ፎልደር እያየ ሊሆን ይችላል።

አንዳንዴ ደግሞ ባክአፑ ሳይታሰብ በጣም ይዘገያል፤ የተጨመረው ግን ጥቂት ሜጋባይት ነው። ይሄ የሚሆነው የዲስኩ ፊደል ወይም የፎልደሩ መንገድ ሲለወጥ ነው። ሬስቲክ የቀድሞውን ስናፕሾት ስላላገኘው 400 ጊጋባይቱን እንደገና አነበበው፤ ቁራጮቹ ግን ስላሉ አልጻፋቸውም። ምንም አልተበላሸም፤ በሚቀጥለው ቀን ወደ ፍጥነቱ ይመለሳል።

ፉል የሚለው ቃል ዛሬም የሚሠራው እዚህ፣ በማንበብ ላይ ነው። «ፎርስ» የሚለውን አማራጭ ብትጨምሩ ሬስቲክ ሰዓቱንና መጠኑን ሳያምን ሁሉንም ባይት ያነባል። ቦታ አይፈጅም፣ ጊዜ ይፈጃል። በወር አንዴ፣ ቅዳሜ ማታ ማድረግ ተገቢ ነው እላለሁ። የተለወጡበትን ሰዓት የሚደብቁ ፋይሎች አሉ፤ የቬራክሪፕት ኮንቴይነር (ሌሎች ፋይሎችን መስጥሮ የሚይዝ ፋይል) ለምሳሌ ውስጡ ሲለወጥም ከውጭ ያለውን ሰዓት እንዳለ ሊተወው ይችላል። ተራው ባክአፕ እንዲህ ያለውን ሊያልፈው ይችላል፤ በፎርስ የሚሄደው አያልፈውም።

በሌላ ሶፍትዌር ወደ ዲዱፕ ዕቃ የምትልኩ ከሆነ

ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ባክአፑን የሚወስደው ቪም ወይም ሌላ ፕሮግራም ሆኖ፣ የሚቀመጠው እንደ ዴታ ዶሜይን ባለ ዲዱፕ የሚሠራ ዕቃ ላይ ነው። እዚያ በየሳምንቱ ፉል ብትልኩ ዲስኩ አይሞላም፤ ዕቃው የሚያውቀውን ይጥላል። ግን ዲዱፑ የሚሠራው መድረሻው ላይ ብቻ ከሆነ ያ ሁሉ ዳታ ኔትወርኩን አቋርጦ መድረስ አለበት። ቦታ ተረፈ፣ ሌሊቱ ግን አለቀ። በየቀኑ ኢንክሪመንታል እየላካችሁ ፉሉን በሲንተቲክ መንገድ፣ ማለትም ከቀድሞው ፉልና ከኢንክሪመንታሎቹ፣ እዚያው እንዲገጣጠም ማድረግ ይሻላል። የባክአፕ ፕሮግራሙ መጭመቂያና መመስጠሪያም ለዲዱፕ በሚስማማ መልኩ መቀነስ ወይም መጥፋት አለበት፤ አለዚያ ውድ ዕቃ ገዝታችሁ እንደ ተራ ዲስክ ትጠቀሙበታላችሁ።

ስትሰርዙ

ዲስኩ ሲሞላ ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። 400 ጊጋባይት የሚለውን የድሮ ስናፕሾት ይሰርዛል፤ ተመልሶ ሲያይ ምንም ቦታ አልተለቀቀም።

ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው፣ «ፎርጌት» የሚለው ትዕዛዝ ዝርዝሩን ብቻ ነው የሚያጠፋው፤ ቁራጮቹን የሚያጸዳው «ፕሩን» ነው። ቦርግም ከ1.2 ስሪት ወዲህ ከፕሩን ቀጥሎ «ኮምፓክት» ይፈልጋል። ሁለተኛው፣ ፕሩን የሚያነሳው ማንም ስናፕሾት የማይጠራውን ቁራጭ ብቻ ነው። ከዚያ 400 ጊጋባይት ውስጥ አብዛኛውን የዛሬው ስናፕሾትም ይጠቀምበታል። የሚለቀቀው ያ ስናፕሾት ለብቻው ይዞት የነበረው ነው፤ 2 ወይም 3 ጊጋባይት ሊሆን ይችላል። ይህን ያየ ሰው ተስፋ ቆርጦ የማከማቻውን «ዴታ» ፎልደር ከፍቶ የቆዩ ፋይሎችን በእጁ ይሰርዛል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የቆየው ፋይል ውስጥ ያለው ቁራጭ የዛሬው ባክአፕ መሠረት ነው።

ፖሊሲ አውጡለትና ለፕሮግራሙ ተዉት። ለትንሽ ቢሮ 7 የየቀን፣ 5 የየሳምንት፣ 12 የየወር ስናፕሾት ማስቀረት ጥሩ መነሻ ነው። ፎርጌት በየቀኑ፣ ፕሩን በሳምንት አንዴ ይበቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታሂዱት በድራይ-ረን እዩት። ፕሩን ሌላ ካልተነገረው እስከ 5 በመቶ የማይጠቅም ቦታ ሊተው ይችላል፤ ሥራውን ለማቅለል ስለሆነ አትጨነቁ። ፕሩን ሲሠራ የተቀላቀሉ ፋይሎችን እንደገና ስለሚጽፍ ራሱም ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ዲስኩ 85 በመቶ ሲደርስ ተንቀሳቀሱ፤ መቶ በመቶ ሞልቶ ማጽዳት አስቸጋሪ ነው።

አንድ ቁራጭ ሲበላሽ

እስካሁን ያወራነው ጥቅሙን ነው። ጉዳቱም እዚያው ነው ያለው። 28 ስናፕሾት አንድ ቁራጭ ከተጋሩ፣ ያ ቁራጭ ሲበላሽ 28ቱም ያንን ፋይል ያጣሉ። ሰፈሩ ሁሉ ከአንድ ቦኖ ሲቀዳ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ የዲዱፕ ማከማቻ፣ ውስጡ ስንትም ስናፕሾት ቢኖር፣ የሚቆጠረው እንደ አንድ ኮፒ ነው። ሁለተኛው ሌላ ዲስክ ላይ፣ ሌላ ቦታ መኖር አለበት።

ሁለተኛውን የምትሞሉት በሬስቲክ «ኮፒ» ትዕዛዝ ይሁን። ትዕዛዙ ቁራጮቹን ከፍቶ እያረጋገጠ ነው የሚያሻግረው። የመጀመሪያውን ፎልደር በተራ መንገድ ብትገለብጡት የተበላሸውንም አብራችሁ ትገለብጣላችሁ። ሁለተኛው ዲስክ ሁልጊዜ ተሰክቶ አይቀመጥ፤ ሰርቨሩ ውስጥ የገባ ራንሰምዌር የተሰካውን ሁሉ ያገኛል። የሩቁ ማከማቻ በሬስት-ሰርቨር (የሬስቲክ የራሱ የሰርቨር ፕሮግራም) የሚሠራ ከሆነ «አፔንድ-ኦንሊ» አድርጉት፤ ከቢሮው ኮምፒውተር መጨመር እንጂ መሰረዝ እንዳይቻል።

ከዚያ ምርመራው ነው። «ቼክ» የሚለው ትዕዛዝ ለብቻው የሚያየው አወቃቀሩን ነው፤ ዝርዝሩና ኢንዴክሱ ይገጥማሉ ወይ ይላል። ቁራጮቹ ውስጥ ያለውን ባይት አያነብም። የሚያነበው «ሪድ-ዴታ» ሲጨመር ነው። ሁሉንም በአንዴ ማንበብ ከበዛባችሁ «ሪድ-ዴታ-ሰብሴት» የሚለውን ተጠቀሙ፤ የመጀመሪያው ሳምንት 1/4፣ ቀጥሎ 2/4፣ እያላችሁ በወር ማከማቻውን ትጨርሳላችሁ።

የተበላሸ ቁራጭ ከተገኘ ተስፋ አትቁረጡ። በመጀመሪያ የማከማቻውን ፎልደር ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ፤ ለዚህ ተራው መገልበጥ ይበቃል። ከዚያ ቼክ የሚጠቁመውን ጥገና ሥሩና የተበላሸው ከኢንዴክሱ ይውጣ። ቀጥሎ ባክአፑን በፎርስ አሂዱት። ዋናው ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ ሳይለወጥ ካለ ሬስቲክ እንደገና ያነበዋል፣ ያንኑ ሃሽ ያገኛል፣ የጎደለውን ቁራጭ መልሶ ይጽፋል። ቁራጩን ይጠሩ የነበሩ የድሮ ስናፕሾቶችም አብረው ይድናሉ። ይህ ከዲዱፕ የማደንቀው ባሕርይ ነው፤ በድሮው ሰንሰለት የተበላሸ የማክሰኞ ፋይል በዛሬ ባክአፕ አይድንም።

ሪስቶር

መልሰው ያልሞከሩት ባክአፕ ባክአፕ ስለመሆኑ ማረጋገጫ የለም። በወር አንዴ አንድ ፎልደር ምረጡ፤ በየጊዜው ከተለያየ ቦታና ከተለያየ ቀን ይሁን። «ስናፕሾትስ» ብላችሁ ዝርዝሩን አውጡ፣ የፈለጋችሁትን መለያ ያዙ፣ «ሪስቶር» በሉና በ«ታርጌት» ሌላ ባዶ ፎልደር አሳዩት። ዋናው ላይ አትመልሱ። ሊኑክስና ማክ ላይ «ማውንት» ብላችሁ ስናፕሾቶቹን እንደ ተራ ፎልደር እየከፈታችሁ ማየትም ትችላላችሁ።

የመለሳችሁትን ክፈቱት። የኤክሴል ፋይሉ ይከፈት፣ የፒችትሪው ካምፓኒ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተነስቶ የመጨረሻው ደረሰኝ ይታይ፣ ዳምፑ ባዶ ዳታቤዝ ላይ ይጫንና ሠንጠረዦቹ ይቆጠሩ። ፋይሉ መኖሩ ብቻ አይበቃም።

ጊዜውንም መዝግቡ። ቁራጮቹ ማከማቻው ውስጥ ተበታትነው ስለሚቀመጡ በተለይ በሚሽከረከር (ሃርድ) ዲስክ ላይ ሪስቶር ከተራ መገልበጥ ይዘገያል። 100 ሜጋባይት በሰከንድ የሚያነብ ዲስክ 400 ጊጋባይቱን ቢፈጥን ቢፈጥን በ67 ደቂቃ ነው የሚሰጣችሁ፤ በተግባር ከዚያ በላይ ይወስዳል። በዳውንሎድ ከሩቁ ማከማቻ፣ በ10 ሜጋቢት ከሆነ ደግሞ ወደ 4 ቀን ይጠጋል። ቢሮው 4 ቀን ያለ ፒችትሪ መቆየት ካልቻለ ቅርብ ያለውን ዲስክ በፍጹም አታስቀሩት። የሩቁን ደግሞ መጀመሪያ ዳታቤዙና የሂሳቡ ፎልደር፣ ከዚያ የዘንድሮ ሰነዶች፣ መጨረሻ ላይ የቆዩ ስካኖች በሚል ቅደም ተከተል እንደምትመልሱት በወረቀት ጽፋችሁ ከፓስወርዱ ጋር ካዝናው ውስጥ አስቀምጡ።